ያቺን የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ስጡን

በደሴና በኮምቦልቻ ሠራተኛ ለምታስተዳድሩ፣ ተማሪ ለምታስተምሩ፣ ሕመምተኛ ለምትቀበሉ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ማይግሬን የሚባለው የራስ ሕመም ከ16 ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ታናሽ እህቴም አለባት፤ እሷ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ቀን መድኃኒቱን ለሰው እሰጣለሁ። ሲነሳብኝ ደግሞ መጋረጃ ዘግቼ የምተኛው፣ ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ጭንቅላቴ ላይ የሚረግጠኝ እኔው ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ኅዳር እህቴ ላይ የደረሰው ነው።

ጠዋት ፈረቃ ገብታለች። ሦስት ሰዓት ገደማ ማዛጋት ያዛት። እንቅልፍ አልጎደላትም፤ ግን ደጋግሞ ያዛጋታል። አንገቷ ገተር አለ። ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ የተቀባችው ሽቶ አፍንጫዋን ወጋት። እህቴ ይህን ምልክት ታውቀዋለች። አራት ሰዓት ላይ ከቀኝ ዓይኗ ጀርባ ትር ትር ማለት ጀመረ። ተነስታ አለቃዋ ዘንድ ሄደች። «ክኒኔን ልዋጥና አንድ ሰዓት ብቻ ጋደም ልበል፣ እመለሳለሁ» አለችው።

«ራሱን የማያመው ማን አለ? እኔንም ያመኛል። ታርጌቱ አልሞላም፣ ምሳ ላይ ታርፊያለሽ» አላት።

ክኒኑ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቦርሳዋ ደግሞ መግቢያው በር ጋ ተቆልፎበታል። ተመልሳ ተቀመጠች። ከላይ ያለው ረጅሙ የኒዮን መብራት ነጩ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ይወጋታል። የማሽኑ ድምፅ ጥርሷ ድረስ ይሰማታል። ስፌቱ ጠመመባት፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠመመባት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ማሽኑ ሥር አስመለሳት።

ያን ጊዜ አለቃዋ ራሱ ደነገጠ። ውሃ አመጣላት። ቦርሳዋን ይዞላት እስከ በር ሸኛት። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አላወቀም እንጂ ክፉ አይደለም።

ብቻዋን ከምትተኛ ብላ ወደ እኛ ደሴ ለመምጣት ሚኒባስ ተሳፈረች። የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ያ ጠመዝማዛ ጤነኛውን እንኳ ያዞራል። እሷ ሻሿን ዓይኗ ላይ አስራ፣ ፌስታል በእጇ ይዛ፣ ግንባሯን ከፊቷ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ደፍታ ወጣችው። ሙዚቃው እንዲቀነስ ረዳቱን የለመኑላት አንዲት የማታውቃቸው እናት ናቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ደርሰናል» እያሉ እጇን ይዘው ፒያሳ አደረሷት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቀችም።

ሦስት ቀን ተኛች። የሦስት ቀን ደመወዝ ተቆረጠባት። በወሩ ውስጥ ላልቀረ ሠራተኛ የሚሰጠው ቦነስም ቀረባት። ፋብሪካውም ለሦስት ቀን አንድ የለመደ እጅ አጣ። እሷ የጠየቀችው አንድ ሰዓት ነበር።

የእኔም ልመና ያቺው አንድ ሰዓት ናት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ብዙ ሰው ማይግሬን የሚለው ተራው ራስ ምታት ሲበረታ ነው። ማይግሬን ግን የአንጎልና የነርቭ ሕመም ነው፤ ራስ ምታቱ አንዱ ክፍሉ ነው። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። እኛ እናታችን «ግማሽ ራሴን ፈለጠኝ» እያለች ሻሿን አጥብቃ ስታስር እያየን ያደግን ልጆች ነን። ስሙን አናውቀውም ነበር እንጂ ከበሽታው ጋር አንድ ቤት ነው ያደግነው።

መድኃኒት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ራሴን አመመኝ ብሎ ሲመጣ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ። ሲያምህ ያቅለሸልሽሃል ወይ? ብርሃን ያስጠላሃል ወይ? ባለፉት ሦስት ወራት ከሥራ ወይም ከቤት ጉዳይ ያስቀረህ ቀን አለ ወይ? ከሦስቱ ሁለቱን አዎ ካለኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማይግሬን እንደሆነ እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ። ማረጋገጡ የሐኪም ነው። ሐኪሙም በአብዛኛው የሚያረጋግጠው በጥያቄ ነው እንጂ በማሽን አይደለም። ማይግሬንን የሚያሳይ የደም ምርመራም ራጅም የለም። ሲቲ ስካን የሚታዘዘው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ነው።

ሐኪሙ የሚፈልገው ታሪኩን ነው። ማይግሬን መድኃኒት ካልተወሰደለት ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን ይይዛል፤ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ከልብ ምት ጋር አብሮ ይመታል። ደረጃ ስትወጣ ይብሳል። ከሕመሙ ጋር ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ ወይም ብርሃንና ድምፅ መጥላት አለ። እንዲህ ያለው ሕመም 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ተመላልሶ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያትም ካልተገኘለት፣ ስሙ ማይግሬን ነው። ተራው፣ በውጥረት የሚመጣው ራስ ምታት እንደ መቀነት ዙሪያውን ጭምቅ ያደርጋል፤ ሰው ግን እየተነጫነጨም ቢሆን ሥራውን ይሠራበታል። ማይግሬን ያስተኛል።

ከሦስት ወይም ከአራት ታማሚ አንዱ ደግሞ ራስ ምታቱ ሳይጀምር ዓይኑ ላይ ነገር ያያል። እኔ ከነዚህ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ክፍል ውስጥ ነን፣ ሰሌዳው ላይ ሒሳብ ተጽፏል። ከቁጥሮቹ መሐል አንዱ ጠፋ። ዓይኔን አሸሁት። የጠፋው ቦታ ሰፋ፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጦ መብለጭለጭ ጀመረ። ቀስ እያለ ወደ ጎን ሄደ። ከንፈሬና የግራ እጄ ጣቶች ደነዘዙ። መምህሩን «ሰሌዳው አልታየኝም» አልኳቸው። «ፈተና ሲደርስ ዓይን ይጠፋል» አሉ፤ ክፍሉ ሳቀ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ ተመለሰ፤ ከዚያ ራሴን የሚሰነጥቅ ሕመም መጣ። ለብዙ ዓመት ያንን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ዓይነ ጥላ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ።

አሁን ስሙን አውቃለሁ፤ «ኦራ» ይባላል። ቀስ ብሎ ይስፋፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ያልፋል። እዚህ ላይ ለሴቶች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ኦራ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን በየቀኑ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ክኒን ብትወስድ በስትሮክ የመመታት አደጋዋ ይጨምራል። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ስትገቡ «ራሴን ከማመሙ በፊት ዓይኔ ላይ ይብለጨለጫል» በሉ። ሌላ የሚስማማ መከላከያ አለ። የምትመዘግቡም እህቶች፣ ሳትጠየቅ የምትናገር ሴት ጥቂት ናትና እናንተ ጠይቁ።

አሁን ወደ አንድ ሰዓቷ ልመለስ።

ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ያቀዘቅዛል። የተዋጠው ክኒን እዚያው ይቀመጣል እንጂ ቶሎ ወደ ደም አይገባም። ጊዜው በሄደ ቁጥር ደግሞ ነርቮቹ ይቆጣሉ። ፀጉር ማበጠር ያማል። ትራስ ያማል። እኔ ከሰዓት በኋላ ከተነሳብኝ ሹሩባዬን ካልፈታሁ አልተኛም፤ ጉንጉኑ እየጎተተ ያቃጥለኛል። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰን ሕመም በተራ ማስታገሻ መመለስ ከባድ ነው። ያንኑ ክኒን በመጀመሪያው ሰዓት የወሰደ ሰው፣ ጸጥ ያለና ጨለም ያለ ቦታ ካገኘ፣ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይነሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያው አለቃው የሚሰጣት ወይም የሚነፍጋት ሰዓት ነው።

ክኒኑ የተራቀቀ አይደለም። ለአዋቂ ሰው 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን፣ ወይም 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ ማለትም ባለ 500 ሁለት ፍሬ። አይቡፕሮፌን ጨጓራ ላለበት፣ ኩላሊት ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። እኛ አገር ጨጓራ የሌለበት ሰው ማግኘት ስለሚከብድ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ነገር ታበዢያለሽ ብሎ ይቆጣኛል። ማስመለስ ካለ ሐኪም የሚያዘው ማስታወክ የሚከለክል መድኃኒት አብሮ ሲወሰድ ክኒኑም ይሠራል። ከዚያ ውሃ፣ ግንባር ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ጨለማ። ሻሽ ማሰሩም ጉዳት የለውም፤ ለአንዳንዱ ሰው ያስታግሳል። እናቶቻችን በከንቱ አላሰሩትም።

ግን ክኒኑ ራሱ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንዲት ደንበኛ ነበሩኝ፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ይመጡ ነበር። ቀጥሎ በየሦስት ቀኑ። በመጨረሻ በየጠዋቱ፣ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ ሁለት ፍሬ ገዝተው እፊቴ ይውጧታል። «ካልወሰድኩ ቀኔ አይጀምርም» ይሉኛል። ራስ ምታቱ ዕለታዊ ሆኖባቸው ነበር። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ተራ ማስታገሻ፣ ወይም 10 ቀንና ከዚያ በላይ ጠንካራውን ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለውን ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። አንድ ቀን ከጎናቸው ቁጭ ብዬ በወረቀት ቆጠርንላቸው፤ በወሩ ውስጥ 26 ቀን ወስደዋል። ሐኪም ጋ ሄዱ። ሲያቆሙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ ሲኦል ነበሩ ይላሉ። አሁን በወር ሁለት ሦስቴ ያማቸዋል። ስለዚህ እንደ እኔ መድኃኒት ቤት የምትሠሩ፣ እባካችሁ በየቀኑ የሚመጣን ሰው ዝም ብላችሁ አትሽጡለት። ትርፉ ጥቂት ሳንቲም ነው።

ወሎ ውስጥ ራስ ምታት ብዙ ስም አለው። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ደም በዝቷል ተብሎ ዋግምት ይደረግለታል። ሳይነስ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ይደጋገምበታል። የዓይን ነው ተብሎ መነጽር ይገዛለታል። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ አታስቢ» የሚለው መልስ ለሁሉም ይሰጣል። ጭንቀት ማይግሬንን ይቀሰቅሳል፣ እውነት ነው። በዚያ የጦርነት ጊዜ ያላስጨነቀው ሰውም ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አልነበረም። ግን «አታስቢ» መድኃኒት አይደለም። ያመማትን ሴት ጥፋቱ ያንቺ ነው እንደማለት ነው።

ስለ አንድ መድኃኒት ግን ወሎዬ ሁሉ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ገጠር ሰዎች ጣታቸውና እግራቸው እየጠቆረ ይቆረጥ ነበር። ምክንያቱ ስናር ላይ የበቀለ ሻጋታ መሆኑ ታወቀ፤ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ተበልቷል። ሻጋታው ኤርጎት ይባላል፤ የደም ሥርን አጥብቆ ይዘጋል። ከዚሁ ኤርጎት ውስጥ በ1918 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ኤርጎታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ። ለማይግሬን ለረጅም ዘመን ሲታዘዝ የኖረው እሱ ነው፤ ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም ሰዎች እጅ ላይ አያለሁ። በሐኪም ልክ ሲወሰድ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሰው ክኒን አይደለም። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። የልብና የደም ሥር ችግር ላለበት አይሆንም። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች ጋር፣ እንዲሁም ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ከተገናኘ ያንኑ የስናሩን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳትደብቁ ንገሩን። ማንም አይሰማባችሁም፤ ጠጋ በሉና በጆሯችን ንገሩን።

ዛሬ ከኤርጎታሚን የተሻለ አለ። ሱማትሪፕታን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኔ የምሠራበት መደርደሪያ ላይ ግን የለም። ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎችን ባዶ እጃቸውን ሸኝቻለሁ። የመድኃኒት አቅርቦት የምትመሩ፣ ይህን ስም በግዥ ዝርዝራችሁ ላይ ጻፉልን።

ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ሲነሳ ከማስታገስ አልፎ እንዳይነሳ የሚከላከል መድኃኒት ይታዘዝለታል። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ናቸው በብዛት የማያቸው። ዋጋቸው አይከብድም። ችግሩ ሌላ ነው። ሰው ይገዛል፣ ቤቱ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ቀን ይመልሰዋል። «የደም ግፊት መድኃኒት ነው አሉኝ፣ እኔ ግፊት የለብኝም» ይላል ፕሮፕራኖሎል የታዘዘለት። አሚትሪፕቲሊን የታዘዘላት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሄ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚወስደው አይደለም እንዴ? እብድ ነሽ ማለታቸው ነው?» ትለኛለች። ሐኪሞቻችን፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጨምሩ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። መድኃኒቱ ለሌላ በሽታም እንደሚያገለግል፣ ለማይግሬን የሚሰጠው በተለየ ምክንያት እንደሆነ፣ ጥቅሙም ከሳምንታት በኋላ እንደሚታይ ንገሯቸው። ሁለት ወር ሳይሞክሩት «አልሠራልኝም» ማለት አይቻልም። ፕሮፕራኖሎል ለአስም ሕመምተኛ እንደማይሆንም እኔ ልጨምር።

የኑሯችን ጉዳይም አለ። ወሎ ላይ ቡና እንደ ውሃ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ቡና ጠላት አይደለም፤ ሕመሙ ሲጀምር አንድ ስኒ ከክኒን ጋር የሚረዳው ሰው አለ። ጣጣው በየቀኑ ብዙ ጠጥቶ በድንገት ማቆም ላይ ነው። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ይመታል። ረመዳን በመጀመሪያው ቀን አስር ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤታችን በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ምስክሬ ነው። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ስኒዎቹን አንድ በአንድ የቀነሰ ሰው ይህ አይደርስበትም። ሱሑርን አለመዝለል፣ ውሃ በደንብ መጠጣት ይረዳል። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙም ያው ነው፤ ባዶ ሆድ ማይግሬንን ይቀሰቅሳል። ሕመሙ የሚበረታበት ሰው ሼኩን ወይም ንስሐ አባቱን ያማክር። በሁለቱም በኩል ለበሽተኛ መንገድ አለው።

ጫት ቅሞ ሌሊቱን ነቅቶ ማደር፣ እሑድ እስከ ቀትር መተኛት፣ የዝግ ቤት ዕጣንና ሰንደል፣ የጸደይ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲያንጸባርቅ፣ የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፤ የእያንዳንዱ ሰው ቀስቃሽ ለየብቻ ነው። የእኔ እንቅልፍ ማጣትና ዕጣን ነው። የእህቴ የወር አበባና ረሃብ። ያወቅነው በደብተር ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የበላሁትንና የተኛሁትን፣ የወሰድኩትን ክኒን እጽፋለሁ። ሦስት ወር ከጻፋችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሐኪም ዘንድም ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአሥር ደቂቃ ወሬ ይበልጣል።

አንድ ነገር ሳልል ካለፍኩ ግን ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። ሁሉም ራስ ምታት ማይግሬን አይደለም። እንደ መብረቅ በአንድ ጊዜ የመጣና በደቂቃ ውስጥ ጫፍ የደረሰ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው፣ እጅ ወይም እግር ያሰነፈ፣ አፍ ያጣመመ፣ አንደበት ያሰረ፣ ከመውደቅ ወይም ራስን ከመመታት በኋላ የመጣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ላይ የታየ፣ ወይም ከለመዳችሁት ፍጹም የተለየ ራስ ምታት ከሆነ፣ ጨለማ ክፍል አትፈልጉ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ነገ አትበሉ።

አሁን ኮምቦልቻ ላላችሁ አለቆች። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2,000 በላይ አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 17.7 በመቶ የሚሆኑት ማይግሬን እንዳለባቸው አሳይቷል። ሃምሳ ሰው ባለበት አንድ የስፌት መስመር (ላይን) ላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ማለት ነው። በሽታው ሴቶች ላይ ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል፤ ስፌቱ ላይ የተቀመጡት ደግሞ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሰበብ የምታበዛው ያቺ አንዷ ልጅ ናት ብላችሁ አታስቡ። ዝም ብለው የሚሰፉ አሉ።

«አንዷን ብንፈቅድ ሁሉም ራሴን ይላሉ» የሚለውን ስጋት አውቀዋለሁ። ለዚህ ሐኪም አለ። አንድ ጊዜ ተመርምራ ማይግሬን እንዳለባት የሚገልጽ ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው እንድታስረዳ አይጠበቅባት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን ለጨረሰች ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። ነገር ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። ማይግሬን የያዘው ሰው ደግሞ ያን ቀን ተነስቶ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ወረቀት ማምጣት አይችልም። የእህቴ ሦስት ቀን የተቆረጠው በዚህ ነው። ተኝታ ነበር፤ ወረቀት ግን አልነበራትም።

የምንፈልገው ነገር ብር አያወጣም። መብራቱ የሚጠፋ አንድ ጥግ። ፍራሽ ባይኖር ካርቶንም ይሁን። ክኒኗን ኪሷ ውስጥ እንድትይዝ መፍቀድ። ውሃ። ጽዳት ላይ ያሉት እህቶች በረኪና ሲረጩ መስኮት መክፈት። ከሁሉ በላይ ስታዛጋና አንገቷን ስታሽ አይታችሁ «ጀመረሽ እንዴ?» የምትል አንዲት ቃል።

መምህራንም እንዲሁ። ሰሌዳው አልታይ ያላትን ልጅ ከማሳቅ ይልቅ ከመስኮቱ ብርሃን አንሱና ጥግ አስቀምጧት። ወላጅ ጥሩ። ስሙን ንገሯት። እኔ ስሙን ያወቅሁት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ሰባቱንም ዓመት እንግዳ በሽታ ብቻዬን የያዘኝ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።

የእህቴ አለቃ ነገር እንዴት ሆነ ለምትሉ፤ ስትሻላት ወረቀቷን ከጤና ጣቢያ አወጣችና ወሰደችለት። አንብቦ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እናቴም እንዲህ ትሆን ነበር» አላት። ጥር ላይ እንደገና ሲነሳባት የጨርቅ ጥቅል የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ እንድትተኛ ፈቀደላት። አርባ ደቂቃ ተኛች። ራሷ ትንሽ እየከበዳት ተነስታ ፈረቃዋን ጨረሰች። ያን ቀን ሐረጎን አልወጣችም።

ሰኞ ጠዋት ፈረቃ ትገባለች። ክኒኗ አሁን ኪሷ ውስጥ ነው።

ከአክብሮት ጋር

በደሴ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ የማይግሬን ታማሚ